በሰው ጠረጴዛ ላይ የተነሳ ፎቶ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ በቤተሰቡ ጥያቄ በመዝገቡ የተለየ ገጽ ላይ ተይዟል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ በእህል መጋዘን የጥራት ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ፣ ሁለተኛው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በሰፈሩ «ሥራ አስኪያጁ» በመባል የሚታወቀው የ31 ዓመት ሰው መጥፋት

እኔ ከላይ አድራሻዬ የተመለከተው ምስክር፣ የማውቀውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገር ግን በሕግ እንደምጠየቅ ቃሌን በሚቀበሉት መርማሪ ተነግሮኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ከጠፋው ሰው ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። በሕይወቴ ያየሁት ባለፈው ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ። ሆኖም ከመጥፋቱ በፊት መጨረሻ ካዩት ሰዎች አንዱ እኔ ስለሆንኩ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቻለሁ።

ነገሩ የተነሳው በልጄ ትምህርት ምክንያት ነው። ልጄ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ከያዘች ወዲህ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ሥራው ደኅና ነው፤ ከደኅና ግን አያልፍም። ስልክ ታነሳለች፣ ጉንጩ ያበጠ ሰው ታስቀምጣለች፣ ማታ ደክሟት ትመጣለች። ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብላ ስትነሳ አልከለከልኳትም። በአንድ የግል ኮሌጅ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቀበሏት። ትምህርቱ የቀን ስለሆነ ለመመዝገብ የክሊኒኩን ሥራ መልቀቅ ነበረባት። መመዝገቢያው የሚዘጋው ደግሞ ባለፈው ዓርብ ነበር። ክሊኒኩ የሄደ ሰው ወንበር አያስቀምጥም፤ ለቅቃ ሳይሆንላት ቢቀር መመለሻ የላትም። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ይህን ትምህርት ተምረው የወጡት ሰዎች ዛሬ የት ናቸው?

መርማሪው «ለአንድ ምዝገባ ይህን ያህል መከታተል ለምን አስፈለገ?» ብለው ስለጠየቁኝ እመልሳለሁ። የእኔ ሥራ እህል ማየት ነው። ሻጭ ምርጡን እህል ከጆንያው አፍ ላይ ያደርጋል፤ እኛ ደግሞ በሹል ብረት ወግተን ከመሃሉ እናወጣለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ልጄ የያዘችውን ልትለቅ ተነስታ እኔ ሳልወጋ ላሳልፋት አልችልም ነበር። አሁንም ቢሆን መጠየቃችን ጥፋት ነው ብዬ አላምንም። አጠያየቃችን ግን ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ ኅዳር 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጄና ከእህቴ ጋር ወደ ኮሌጁ ሄድን። እህቴ ሳትጠራ የምትመጣ፣ ከመጣች በኋላ ግን ያለ እሷ ምንም የማይወሰን ሴት ናት። ምዝገባው ያለበት ኮሪደር አንዱ ግድግዳ ዳር እስከ ዳር በፎቶግራፍ ተሸፍኗል። ከላይ በትልቁ «ተመራቂዎቻችን በሥራ ላይ» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ የራስ ቆብ አጥልቆ ግንባታ ያሳያል፣ አንዷ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች። የጨነቀው ሰው አንድም የለም። መዝጋቢዋ «ስለ ውጤታችን እኛ አንናገርም፤ ግድግዳው ይናገራል» አለችን። ያልተሰቀሉትስ የት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። «አባቴ፣ ሁሉን ለመስቀል ቦታ ይበቃል እንዴ?» ብላ ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

እኔም እንደ ልማዴ ከመሃል አንዱን መረጥኩ። እሱም ዛሬ የሚፈለገው ሰው ነው። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ክራባት አስሮ ከሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የአንድ አማካሪ ድርጅት ስምና «የክትትል ክፍል ኃላፊ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ ማንጠልጠያ ሰንሰለት ያለው የሴት መነጽር ተቀምጦ ነበር። መነጽሩን አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ እህቴ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እየሰማት እንዲህ አለች። «ባል ሲመጣ ሰባት ቤት ይጠየቃል። ይኼ ደግሞ ከባል ይብሳል። ባል ቢከፋ ይፈታል፤ ዲግሪ አይፈታም።» ልጄ ሳቀች። በማግስቱ ሰውየውን ሥራ ቦታው ሄደን እንድንጠይቀው በዚያው ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ከሥራ ፈቃድ ወስደን ወደ አማካሪ ድርጅቱ ሄድን። ከመግቢያው ያገኘናት ጸሐፊ በዕድሜ የገፋች ሴት ስትሆን መነጽሯ ከአንገቷ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ፎቶውን ልጄ በስልኳ አንስታው ስለነበር አሳየናት። «ውይ፣ ይኼ ልጅ!» አለች። ሰውየው ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ልምምድ መጥቶ ጥቂት ወራት ቆይቶ እንደወጣ፣ ኮሌጁ ፎቶ ሊያነሳው የመጣ ዕለት እሷ ምሳ ወጥታ ስለነበር በእሷ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጡት፣ የተባለው የኃላፊነት ቦታም በድርጅቱ ውስጥ ኖሮ እንደማያውቅ ነገረችን። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችኝ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ጸሐፊዋ አያይዛ፣ ሰውየው የሰፈሯ ልጅ እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ጋር ባትቀራረብም ጠዋት ጠዋት ክራባት አስሮ ሲወጣ እንደምታየው ተናገረች። «የተሻለ ቦታ አግኝቶ ነው የሚሆነው። ጎበዝ ነበር» አለች። ቤቱንም አመለከተችን። እኛም ፎቶው ቢያታልል ሰውየው ራሱ ተምሮ የደረሰበት ቦታ አለ ብለን አሰብን። ወደ ቤቱ የሄድነው በዚህ እምነት እንጂ የማንንም ገመና ለመግለጥ እንዳልነበር እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ቤቱ የደረስነው ከሥራ የሚመለስበትን ሰዓት ጠብቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። በሩን የከፈቱልን እናቱ ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ በጣም ንጹሕ ነው። የካውያ ጠረጴዛ በመሃል ቆሟል፤ በመስኮቱ ብረት ላይ የተተኮሱ ሸሚዞች በተርታ ተሰቅለዋል። እናቱ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት፣ ከዚያ ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስቀመጧት። ስለ ልጃቸው ልንጠይቅ እንደመጣን ስንነግራቸው «እንዲያው ጠይቁ! መጠየቅ ደግ ነው» ብለው ሻይ ጣዱ።

ከዚያ በኋላ እኛ ጥያቄያችንን ገና ሳንጀምር እሳቸው ናቸው የሚናገሩት። ልጃቸው እንደማይጠጣ፣ ስንቱ አለቃ ሲያመሽ እሱ ከሥራው በቀጥታ ቤቱ እንደሚገባ፣ አንድ ሸሚዝ ሁለት ቀን እንደማይለብስ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሥራ አስኪያጁ» እያለ እንደሚጠራው ነገሩን። «ቁጡ አይደለም። እናቱን የሚያከብር ሚስቱን ያከብራል» አሉና የልጄን እጅ ያዙ። ለጋብቻ የመጣን መስሏቸው ነበር። እህቴ ከእኔ ቀድማ ገብቷታል፤ ግን ጨዋታው ጥሟት «ዕድሜውስ ስንት ነው እትዬ?» እያለች ታስቀጥላለች። ልጄ አንገቷን ደፍታለች።

እኔ ነገር ሲደበላለቅ አልወድም። «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኛ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው። ልጄ እሱ የተማረውን ልትማር ስለሆነ ሥራውን ልንጠይቀው ነው። ጠዋት ቢሮው ሄደን፣ ከዚያ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል አሉን። አሁን የት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እናቱ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። «እዚያው ነው እንጂ» አሉ። «ዛሬም እዚያው ነው የሄደው። እኔ ራሴ ነኝ ሸሚዙን የተኮስኩት።» ልጄ እግሬን ረገጠችኝ። ዘግይታ ነበር።

ሰውየው የገባው በዚህ መሃል ነው። ሰማያዊ ክራባት አስሯል፣ ጥቁር ቦርሳ ይዟል። ከፎቶው ከስቷል። ቦርሳውን ከበሩ አጠገብ አስቀምጦ እናቱን ሳመ፤ እኛንም አንድ በአንድ እጅ ነሳን። እናቱ «ቢሮህ ሄደው ነበር፤ ከዚያ ከወጣህ ሦስት ዓመት ሆኖሃል ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው?» አሉት። ሊቆጣ ይችላል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ልጄን አያት፣ እኔን አየኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ስመለስ እነግርሻለሁ። እንግዶቹን ልሸኛቸው» አለ። እናቱ «ሻይ እንኳ አልጠጡም እኮ» አሉ። ከዚያ ቤት ስወጣ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እሱና ልጄ ከፊት፣ እኔና እህቴ ከኋላ ሆነን ሄድን። ከፊት የተባለውን ከፊሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከፊሉን ልጄ ነግራኛለች፤ እሷም የራሷን ቃል ትሰጣለች። ልጄ ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር «ጠይቂኝ፤ ለመጠየቅ አይደል የመጣሽው?» አላት። እሷም ጠየቀች፣ እሱም መለሰ። ከኮሌጁ ደጅ ጀምሮ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሳያድበሰብስ የመለሰልን እሱ ብቻ ነው።

ከተመረቀ በኋላ ያላመለከተበት መሥሪያ ቤት እንደሌለ፣ የሥራ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ልምድ ስለሚጠይቁ የልምምዱ ጥቂት ወራት እንዳልተቆጠሩለት ነገራት። ፎቶው የተሰቀለ ዕለት እናቱ ለጎረቤት ሁሉ ተናግረው ስለነበር፣ ልምምዱ ሲያልቅ ያቆመውን ሥራ ለእሳቸው አቆምኩ ማለት እንዳቃተው ነገራት። ለቤቱ የሚያስፈልገውን ከየት ያመጣ እንደነበር ተጠይቄ፣ የዚያው ኮሌጅ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እንዲያርምላቸው ስለሚሰጡት በእሱ ይተዳደር እንደነበር ለልጄ መናገሩን እገልጻለሁ። ቀን ቀን የሚውልባቸውን ቦታዎች ነግሯታል፤ ለፍለጋው ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እዘረዝራለሁ። አብዛኛውን ቀን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ የትልቁ ሆስፒታል የተመላላሽ ታካሚዎች አዳራሽ ነው። «ሆስፒታል ጥሩ ነው፤ ክራባት ያሰረን ሰው ማን ታመመብህ ብሎ የሚጠይቅ የለም» ብሏታል። ዝናብ ከሆነ ደግሞ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ መናኸሪያ ይሄዳል፤ እዚያም የሚሄድ ሰው መስሎ ይቀመጣል።

ልጄ «አንተስ ከመግባትህ በፊት ማንን ጠየቅህ?» አለችው። «ግድግዳውን» አላት። አሁን የእሱ ፎቶ ባለበት ቦታ ቀድሞ የአንዲት ሴት ፎቶ ነበር፤ እሷን አይቶ ነው የገባው። ሴትዮዋን ኋላ አግኝቷታል። ያገኛት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፤ እሷም ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች። ይህን ሲናገር ሳቀ፤ ሳቁን ከኋላ ሰምቻለሁ። ትምህርቱን ግን አላማም። ወዶት እንደተማረው፣ ዛሬም መጽሐፎቹን እንደሚያነብ ነግሯታል። እሷ መመዝገብ አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን ስትጠይቀው «ስትወስኚ ነይና ንገሪኝ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር» አላት።

አውቶቡሱ ሲመጣ እኔን በክንዴ ደግፎ አሳፈረኝ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ደግ አደረጉ» አለኝ። ከአሽሙር አልቆጠርኩትም፤ እስከ አሁንም ምን ብዬ እንደምቆጥረው አላውቅም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞሬ አየሁት። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ያዘ። ሰዓቱ ገና አልመሸም፤ በደንብ ይታየኝ ነበር። ቦርሳውን አልያዘም። ክራባቱን ከአንገቱ ፈትቶ በእጁ ጠቅልሎታል። አውርዱኝ ማለት ነበረብኝ፤ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ አየር ሊወስድ ነው ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ዓርብ ጠዋት እናቱ ቤታችን መጡ። ያመለከተቻቸው ያቺ ጸሐፊ ናት፤ ልጄ ስልክ ቁጥሯንና አድራሻችንን ትታላት ነበር። የመጡት ሊወቅሱን መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ልጄ ሄደው «አብሮሽ አምሽቶ እንደሆነ ብዬ ነው» አሏት። ሌሊቱን ሙሉ ያንን ተስፋ ሲያደርጉ አድረዋል። ያን ቀን ልጄ መመዝገብ ነበረባት፤ ወይም አልመዘገብም ብላ ወደ ሥራዋ መሄድ ነበረባት። ሁለቱንም አላደረገችም። ከእኔና ከእናቱ ጋር ስንፈልግ ዋልን።

መናኸሪያው ውስጥ አላገኘነውም። ሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ በመልኩ አወቀችው፤ ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም አለች፤ ሚስቱ ተኝታበት ይመስላት እንደነበርም ነገረችን። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያቺን ሴት አገኘናት። እናቱ «ልጄ ይመጣ ነበር ወይ?» ብለው ሲጠይቋት ከመቀመጫዋ ተነሳችላቸው። በየቀኑ እንደሚመጣ፣ ዛሬ ግን እንዳልመጣ ነገረቻቸው። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ሻርፗ ተደርቦ ነበር። «ሰው እንዳይቀመጥበት ይዤለት ነው» አለች። እናቱ ወንበሩ ላይ ጥቂት ተቀመጡ። እዚያ ሆኖ ሲታይ በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ለዚህ ጣቢያ አመለከትን። ለፍለጋው የቅርብ ጊዜ ፎቶ አምጡ ተባለ። እናቱ ያላቸው የልጅነቱንና የመጀመሪያ ዲግሪውን ነው፤ በእነሱ ማንም አያውቀውም። ስለዚህ ትናንት ሰኞ ኅዳር 8 ቀን ከልጄ ጋር ወደ ኮሌጁ ተመልሼ የግድግዳውን ፎቶ እንዲሰጡን ጠየቅሁ። መዝጋቢዋ የምዝገባ ጊዜ ስለሆነ ከግድግዳው ማውረድ እንደማይቻል ገልጻ፣ ለምን እንደፈለግነው ስትሰማ ግን ደንግጣ ቅጂ አወጣችልን። ክፉ ሴት አይደለችም። ስንወጣ ልጄን ለብቻዋ ጠርታ ምዝገባው በአንድ ሳምንት እንደተራዘመ ነገረቻት።

ልጄን ምን ወሰንሽ ብዬ ማታ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ ስወስን ነይና ንገሪኝ ብሎኛል። እሱ ሳይገኝ ለማን ነው የምነግረው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ አላነሳንም። ዛሬ ሥራ ገብታለች፤ ከሥራ ስትወጣ ሁለተኛ ፎቅ ደርሳ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

ይህን ቃሌን መስጠት ከመጀመሬ በፊት መርማሪው የፍለጋውን ማስታወቂያ ሲያዘጋጁ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ምን ይጻፍ ብለው ጠየቁ። እናቱ ከደጅ አግዳሚው ላይ ተነስተው ገቡና «የክትትል ክፍል ኃላፊ ብላችሁ ጻፉ» አሉ። መርማሪው ወደ እኔ ዞረው እርስዎ አጣርተዋል፣ እውነቱ ምንድን ነው አሉኝ። እኔ በሥራ ዘመኔ ሳልወጋ ያሳለፍኩት ጆንያ የለም። ሰውየው እንዲህ ያለ ሥራ እንደሌለው፣ ኖሮትም እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ከላይም ተናግሬአለሁ። ቢሆንም እናቱ እንዳሉት ይጻፍ አልኩ።

ምክንያቴን እንድገልጽ ስለተጠየቅሁ እገልጻለሁ። በሕይወት ካለ ማስታወቂያውን እሱ ራሱ ያነበዋል፤ ንባብ የሚወድ ሰው ነው። ከየምሰሶው ላይ ሥራ ፈት መባሉን ካነበበ የሚመለስበት ፊት አይኖረውም። የእናቱን ቃል ካነበበ ግን፣ ሐሙስ ማታ ከእኛ አፍ እውነቱን ከሰሙ በኋላ እንደዚያ ብለው ያስጻፉት ለምን እንደሆነ ይገባዋል። እናቱ ዛሬም ሸሚዝ ተኩሰው ነው የመጡት፤ በላስቲክ ጠቅልለው ደጅ ላይ ይዘውት ተቀምጠዋል።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያልኩት ነው፤ ያላልኩት አልገባበትም። በማስታወቂያው ላይ ካለችው ከዚያች አንድ መስመር በቀር ሁሉም እውነት ነው። እሷም እውነት እንዳልሆነች እያወቅሁ እንድትጻፍ የጠየቅሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ማስታወቂያው ላይ ሥራው በእናት ቃል መሠረት ተሞልቷል። ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይም አንድ እንዲለጠፍ ታዟል።